የአንዱ ዋጋ ስንት ነው?

ማንበብና መጻፍ የቻለ ሰው ሦስተኛ መሣሪያ ያስፈልገዋል። እርሱም ሒሳብ ነው። ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከፊደል ጋር አብሮ ሒሳብንም አስተምሯል። ደብዳቤውን ራሱ የሚያነብ ሰው አንባቢ አይለምንም። ሒሳቡን ራሱ የሚያሰላ ሰው ደግሞ ገበያ ሲወጣ የሰው አፍ አይጠብቅም።

ገበሬ ሒሳብ አያውቅም ማለት ግን ስሕተት ነው። ለአንድ ጥማድ መሬት ስንት ቁና ዘር እንደሚበቃ ያውቃል። ለደቦ ከተጠሩት ሰዎች ብዛት ተነሥቶ ስንት እንጀራ እንደሚጋገር ባለቤቱ ታውቃለች። ይህ ሁሉ ሒሳብ ነው። እኛ ዛሬ የምናደርገው በጭንቅላት ያለውን ወደ ወረቀት ማውረድ ነው። በወረቀት ላይ የወረደ ሒሳብ አይረሳም፤ ሌላም ሰው ሊያየውና ሊያርመው ይችላል።

ለምሳሌ የሚሆነንን ከሽሮ ሜዳ እንወስዳለን። በምሳሌዎቹ የተጠቀሱት ዋጋዎች ለትምህርት የተመረጡ ናቸው እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም።

1. ሽሮ ሜዳ

ሽሮ ሜዳ በአዲስ አበባ ሰሜን፣ በጉለሌ፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ ይገኛል። በመንገዱ ዳርና ዳር ነጠላ፣ ጋቢ፣ ኩታና ቀሚስ ተሰቅሎ ይታያል። ከገበያው ጀርባ በየሰፈሩ የሸማኔው መወርወሪያ ድምፅ ይሰማል። በዚህ ሥራ ከተሠማሩት ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ናቸው። በባህሉ ሴቶች ጥጥ ይፈትላሉ፤ ወንዶች ይሸምናሉ።

አንድ ጋቢ ከማሳ ተነሥቶ ገበያ እስኪደርስ ብዙ እጅ ያልፋል። ጥጡን ገበሬው ያመርተዋል። ፍሬው ይወጣል። በደጋን ይነደፋል፤ በእንዝርት ይፈተላል። ሸማኔው ድሩን ዘርግቶ በማጉ ይሸምነዋል። ጫፉ ይቋጫል። ከዚያ ነጋዴው ይሸጠዋል። በእያንዳንዱ እጅ ላይ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው። «የአንዱ ዋጋ ስንት ነው?» ይህን ጥያቄ ጠይቆ መልሱን ማስላት ያልቻለ ሰው ጉልበቱ ሳያውቀው ከእጁ ይወጣል።

2. ወደ አንድ ማምጣት

አንድ ሸማኔ ፈትል ሊገዛ ወጣ እንበል። አንደኛው ሻጭ 3 ኪሎ ፈትል በ1,920 ብር ይሰጣል። ሁለተኛው ሻጭ 5 ኪሎ በ3,000 ብር ይሰጣል። ሸማኔው 1,920 ከ3,000 ያንሳል ብሎ ወደ መጀመሪያው ቢሄድ ትክክል ነውን?

ሁለቱን ዋጋዎች እንዲሁ ማወዳደር አይቻልም። አንዱ የ3 ኪሎ ነው፤ ሌላው የ5 ኪሎ ነው። ሁለቱንም ወደ 1 ኪሎ እናምጣቸው። ዋጋውን ለኪሎው ብዛት እናካፍላለን።

የመጀመሪያው፦ 1,920 ÷ 3 = 640 ብር
ሁለተኛው፦ 3,000 ÷ 5 = 600 ብር

እንግዲህ የሁለተኛው ሻጭ ፈትል በኪሎ 40 ብር ይረክሳል። 40 ብር ትንሽ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ሸማኔው 15 ኪሎ የሚፈልግ ቢሆን 40 × 15 = 600 ብር ይሆናል። ይህ የአንድ ኪሎ ሙሉ ፈትል ዋጋ ነው።

ይህን ዓይነት ሒሳብ «የአንዱ ዋጋ» እንለዋለን። በነጋዴ ደረሰኝ ላይ አስተውሉ። «ብዛት»፣ «የአንዱ ዋጋ»፣ «ጠቅላላ ዋጋ» የሚሉ ዓምዶች አሉ። ብዛቱ በአንዱ ዋጋ ሲባዛ ጠቅላላውን ዋጋ ይሰጣል። ደረሰኝ ሲሰጣችሁ አጥፋችሁ ኪስ ከመክተታችሁ በፊት ሦስቱን ቁጥሮች አንብቡ፤ አባዙና አረጋግጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። ሁለቱን ዋጋ የምናወዳድረው ዕቃው አንድ ዓይነት ሲሆን ብቻ ነው። ፈትሉ እርጥብ ከሆነ ክብደቱ ይጨምራል። ያን ጊዜ ውሃውንም በፈትል ዋጋ ገዛን ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እጃችን ዕቃውን ይመርምር፤ ቀጥሎ እርሳሳችን ዋጋውን ያስላ።

3. መለኪያው አንድ ይሁን

አባቶቻችን ጨርቅን በክንድ ይለኩ ነበር። ክንድ ከክርን እስከ መካከለኛው ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ነው፤ ግማሽ ሜትር ገደማ ይሆናል። ክንድ ጥሩነቱ ቤት አይረሳም። ጉድለቱ ግን የሁሉም ሰው ክንድ እኩል አለመሆኑ ነው።

አንዲት እናት ከገጠር መጥተው ሸማ ሲገዙ ሻጩ፣

«እማማ፣ ዋጋው ከዚያኛው ሱቅ ጋር አንድ ነው እኮ» ቢላቸው፣

«ዋጋውስ አንድ ነው ልጄ፤ ክንዱ ግን ሁለት ነው» ብለው ቢመልሱለት እውነት አላቸው።

እንዴት ቢባል፣ የአንዱ ሻጭ ክንድ 50 ሳንቲ ሜትር፣ የሌላው 45 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ሁለቱም 8 ክንድ ሸማ በ1,440 ብር ይሸጣሉ።

ባለ ረጅም ክንዱ፦ 50 × 8 = 400 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት 4 ሜትር። 1,440 ÷ 4 = 360 ብር በሜትር።
ባለ አጭር ክንዱ፦ 45 × 8 = 360 ሳንቲ ሜትር፣ ማለት 3.6 ሜትር። 1,440 ÷ 3.6 = 400 ብር በሜትር።

ሁለቱም «8 ክንድ በ1,440» አሉ። ውሸት የተናገረ የለም። ነገር ግን የአንዱ ዋጋ በሜትር 40 ብር ተበላለጠ። በጣሳና በቁና እህል ሲሰፈርም እንዲሁ ነው። ጣሳ ከጣሳ ይለያል፤ የሰፋሪውም እጅ ይለያያል። የሚቻል ከሆነ በሜትርና በኪሎ እናስለካ። ካልተቻለ ሁለቱንም በአንድ ጣሳ፣ በአንድ ሰው ክንድ እናስለካ።

4. ቀኔ ስንት አወጣ?

የአንዱ ዋጋ ለመግዣ ብቻ አይደለም። የጉልበታችንንም ዋጋ የምናውቀው በእርሱ ነው።

አንድ ሸማኔ ጋቢም ነጠላም ይሠራል እንበል። ጋቢውን በ2,100 ብር ይሸጠዋል። 2 ኪሎ ፈትል፣ ማለት 1,200 ብር ይወስድበታል። 900 ብር ይተርፈዋል። ነጠላውን በ900 ብር ይሸጠዋል። ግማሽ ኪሎ ፈትል፣ ማለት 300 ብር ይወስድበታል። 600 ብር ይተርፈዋል።

«ጋቢ ይሻለኛል፤ 900 ከ600 ይበልጣል» ሊል ይችላል። ቀኑን ግን አልቆጠረም። ጋቢው 4 ቀን፣ ነጠላው 2 ቀን ይፈጅበታል።

ጋቢ፦ 900 ÷ 4 = 225 ብር በቀን
ነጠላ፦ 600 ÷ 2 = 300 ብር በቀን

በ12 የሥራ ቀን 3 ጋቢ ቢሠራ 2,700 ብር ያገኛል። በዚያው 12 ቀን 6 ነጠላ ቢሠራ 3,600 ብር ያገኛል። ልዩነቱ 900 ብር ነው። ትልቁ ዕቃ ሁልጊዜ ትልቅ ገቢ አያመጣም ማለት ነው።

ሒሳቡ ግን ገና አላለቀም። ጫፉን የሚቋጨው ማን ነው? ሚስት ወይም ልጅ ብትሆን የእርሷም ቀን ቀን ነው። ለእያንዳንዱ ዕቃ የ1 ቀን ሥራ ትሠራለች እንበል። ጋቢው የ5 ቀን፣ ነጠላው የ3 ቀን ጉልበት ሆነ።

ጋቢ፦ 900 ÷ 5 = 180 ብር በቀን
ነጠላ፦ 600 ÷ 3 = 200 ብር በቀን

ልዩነቱ ከ75 ብር ወደ 20 ብር ወረደ። የሚስትን ጉልበት ያልቆጠረ ሒሳብ ነጠላው ያለ መጠን የሚያዋጣ አስመስሎ አሳይቶን ነበር። በእርሻም እንዲሁ ነው። አረም የነቀሉ፣ ወፍ የጠበቁ፣ ውሃ የቀዱ ሰዎች ቀን ካልተቆጠረ የእህሉ ትርፍ ሐሰተኛ ነው።

5. ንጽጽር

ሁለት ነገሮች እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚበላለጡ በቁጥር ስንገልጽ ንጽጽር እንለዋለን። ኩታ ሁለት ድርብ ነው፤ ጋቢ አራት ድርብ ነው። የድርባቸው ንጽጽር 2 ለ 4 ነው። ሁለቱንም ለ2 ብናካፍል 1 ለ 2 ይሆናል። ርዝመታቸው፣ ስፋታቸውና የፈትሉ ዓይነት አንድ ከሆነ ጋቢው የኩታውን እጥፍ ፈትል ይፈልጋል።

በንጽጽር ተራ ይጠበቃል። ኩታ ለጋቢ 1 ለ 2 ነው። ጋቢ ለኩታ ሲባል ግን 2 ለ 1 ነው። ተራውን ያፋለሰ ሰው ጨውን በዱቄት ቦታ እንደ ጨመረ ሰው ነው።

ከቤታችን ሌላ ምሳሌ እንውሰድ። ለእንጀራ 3 እጅ ጤፍ ከ1 እጅ ማሽላ ጋር ይደባለቃል እንበል። ንጽጽሩ 3 ለ 1 ነው። እጆቹ ሲደመሩ 4 ይሆናሉ። 20 ኪሎ ዱቄት ቢያስፈልግ 20 ÷ 4 = 5፤ አንድ እጅ 5 ኪሎ ነው። ጤፉ 3 × 5 = 15 ኪሎ፣ ማሽላው 5 ኪሎ ይሆናል። 15 እና 5 ሲደመሩ 20 ስለሆኑ ሒሳቡ ትክክል ነው።

አሁን ወደ ጥጥ አምራቹ ገበሬ እንምጣ። ጥጥ ከነፍሬው 3 ኪሎ ቢሆን፣ ፍሬው ሲወጣለት ንጹሑ ጥጥ 1 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ንጽጽሩ ወደ 3 ለ 1 ይጠጋል። አንድ ነጋዴ «ከነፍሬው ኪሎውን በ50 ብር እገዛሃለሁ፤ ንጹሑን ከሆነ በ140» ቢል፣ 140 ከ50 በጣም ስለሚበልጥ ገበሬው ፍሬውን ለማውጣት ይቸኩል ይሆናል። ነገር ግን 3 ኪሎ ከነፍሬው ቢሸጥ 150 ብር ያገኛል። ደክሞ አጥርቶት 1 ኪሎ ቢሸጥ 140 ብር ያገኛል። 10 ብር ከሰረ፤ ጉልበቱም አለ። በእጁ የቀረለት ፍሬው ነው። የፍሬው ዋጋ ጉድለቱንና ጉልበቱን ከሸፈነለት ያጥራ። ካልሸፈነለት ከነፍሬው ይሽጥ።

6. ወደር

አንድን ነገር አቻ ሲያጣ «ወደር የለሽ» እንለዋለን። ወደር ማለት አቻ ነው። በሒሳብም ሁለት ንጽጽሮች እኩል ሲሆኑ ወደር ይባላል።

3 ጋቢ 6 ኪሎ ፈትል ይወስዳል። 8 ጋቢ ስንት ኪሎ ይወስዳል? ሦስት ቁጥሮች እናውቃለን፤ አራተኛውን እንፈልጋለን። መንገዱ ሁለት እርምጃ ብቻ ነው።

አንደኛ፣ ወደ አንድ አምጣ፦ 6 ÷ 3 = 2 ኪሎ ለአንድ ጋቢ።
ሁለተኛ፣ በሚፈለገው አባዛ፦ 2 × 8 = 16 ኪሎ።

3 ለ 6 እና 8 ለ 16 እኩል ናቸው። ሁለቱም 1 ለ 2 ናቸው።

ይህ ዓይነቱ ሒሳብ አዲስ አይደለም። ከ3,500 ዓመት ገደማ በፊት በግብፅ፣ በዚሁ በእኛው በዓባይ ዳር፣ አሕሞስ የሚባል ጸሐፊ በፓፒረስ ላይ የሒሳብ ጥያቄዎችን ጽፎ ነበር። ከአንድ መስፈሪያ እህል ስንት ዳቦ እንደሚወጣ፣ ዳቦ ለ10 ሰዎች እንዴት እንደሚከፋፈል ከጥያቄዎቹ መካከል ናቸው። እህልና ሰው ባሉበት ሁሉ የአንዱ ድርሻ ጥያቄ አለ ማለት ነው።

7. ትርፍን በድርሻ መካፈል

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ግን ያበረ ድር የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ትርፍ ሲካፈል ነው።

ሦስት ሸማኔዎች ገንዘብ አዋጥተው ፈትል ገዙ። አንደኛው 1,000፣ ሁለተኛው 2,000፣ ሦስተኛው 3,000 ብር አዋጣ። ዕቃው ተሸጦ ያዋጡት ገንዘብ ከተመለሰ በኋላ 1,800 ብር ተረፈ።

ሦስተኛው፣ «በገንዘባችን ልክ እንካፈል» አለ። የገንዘቡ ንጽጽር 1 ለ 2 ለ 3 ነው። እጆቹ 6 ናቸው። 1,800 ÷ 6 = 300። ስለዚህ 300፣ 600 እና 900 ብር ይደርሳቸዋል።

አንደኛው ግን አልተስማማም። «ገንዘቤ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን 15 ቀን የሠራሁት እኔ ነኝ። አንተ የሠራኸው 5 ቀን ነው» አለ። ሁለተኛው 10 ቀን ሠርቷል። በሥራ ቀን ቢካፈሉ በጠቅላላ 30 ቀን ነው። 1,800 ÷ 30 = 60 ብር በቀን። ለአንደኛው 900፣ ለሁለተኛው 600፣ ለሦስተኛው 300 ብር ይደርሳል።

ሁለቱም እውነት አላቸው። ገንዘብ ባይኖር ፈትል አይገዛም ነበር። ጉልበት ባይኖር ፈትሉ ልብስ አይሆንም ነበር። ሽማግሌ ተጠራና «ግማሹ በገንዘብ፣ ግማሹ በጉልበት ይካፈል» ብሎ ፈረደ እንበል። ግማሹ 900 ብር ነው።

በገንዘብ፦ 150፣ 300፣ 450
በጉልበት፦ 450፣ 300፣ 150
ድምር፦ 600፣ 600፣ 600

ለሦስቱም እኩል ደረሳቸው! «ታዲያ መጀመሪያውኑ እኩል ብንካፈል ምን ነበረበት?» የሚል ይኖር ይሆናል። ልዩነቱ ይህ ነው። ያለ ሒሳብ እኩል ቢካፈሉ ሦስተኛውም አንደኛውም ተበደልሁ እያለ ወደ ቤቱ ይገባ ነበር። አሁን ግን እያንዳንዱ 600 ብሩ ከየት እንደ መጣ ያውቃል። በሚቀጥለው ጊዜ ገንዘቡ ወይም ቀኑ ቢለወጥ ድርሻውም እንደሚለወጥ ያውቃል። ከሁሉ የሚሻለው ግን አካፋፈሉን ሥራ ከመጀመሩ በፊት ተስማምቶ መጻፍ ነው። ፊደል የተማርነው ለዚህም ነው።

8. ወደር የማይሠራበት ቦታ

ፈትል ሲበዛ ልብስ ይበዛል። ሁለቱ አብረው ይጨምራሉ። አንዳንድ ነገር ግን አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል። አንድ ሸማኔ 6 ጋቢ በ24 ቀን ይጨርሳል። 2 ሸማኔዎች በ12 ቀን፣ 3 ሸማኔዎች በ8 ቀን፣ 4 ሸማኔዎች ደግሞ ሁለት ጋቢ በጋራ መሥራት ከቻሉ በ6 ቀን ይጨርሳሉ። ሰዎቹንና ቀኖቹን ብናባዛ ሁልጊዜ 24 ነው።

«መሥራት ከቻሉ» ያልነው በምክንያት ነው። በአንድ ዕቃ ላይ የሚቀመጠው አንድ ሸማኔ ነው። ጋቢ በ4 ቀን የሚያልቅ ከሆነ አራት ሰው ተሰብስቦ በ1 ቀን አይጨርሰውም፤ እርስ በርሱ ይጋፋል እንጂ። እርጉዝ ላምም ሁለት እረኛ ስለጠበቃት ፈጥና አትወልድም።

የገበያ ዋጋም እንዲሁ ወቅት ይለውጠዋል። ለዘመን መለወጫ፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ የአገር ልብስ ፈላጊ ይበዛል። የዛሬውን የአንዱ ዋጋ ይዞ የከርሞውን ማስላት አያስተማምንም። ስለዚህ ከማስላታችን በፊት «ይህ ነገር በእውነት አብሮ ይጨምራልን?» ብለን እንጠይቅ።

ያስታውሱ

አንደኛ፦ ዕቃውና መለኪያው አንድ መሆኑን አረጋግጥ።
ሁለተኛ፦ ዋጋውን ለብዛቱ አካፍለህ ወደ አንድ አምጣ።
ሦስተኛ፦ አንዱን ከአንዱ ጋር አወዳድር።
አራተኛ፦ የቤተሰብህን ጉልበት ሳትቆጥር ትርፍ አገኘሁ አትበል።

ጥያቄዎች

1. አንድ ነጋዴ 4 ኪሎ ቡና በ2,000 ብር፣ ሌላው 7 ኪሎ በ3,360 ብር ይሸጣል። የማንኛው ይረክሳል? በኪሎ ስንት ብር?
2. ጤፍና ማሽላ 3 ለ 1 ይደባለቃሉ። ለ60 ኪሎ ዱቄት ከእያንዳንዱ ስንት ኪሎ ያስፈልጋል?
3. አንድ ሸማኔ በ6 ቀን 3 ነጠላ ይሠራል። በ10 ቀን ስንት ይሠራል?
4. ሁለት ባልንጀሮች 3,000 እና 5,000 ብር አዋጥተው በግ ነገዱ። ሥራውን እኩል ሠርተዋል። የተረፈውን 1,600 ብር በገንዘባቸው ልክ ቢካፈሉ ለእያንዳንዱ ስንት ይደርሳል?
5. 4 ሰዎች አንድ ማሳ በ6 ቀን ያርማሉ። 8 ሰዎች በስንት ቀን ያርሙታል?
6. ለውይይት፦ በአካባቢያችሁ ገበያ ከሰው ሰው የሚለያዩ መለኪያዎች የትኞቹ ናቸው? ማን ይጎዳባቸዋል? ምን ማድረግ ይቻላል?

መልሶች

1. የሁለተኛው፤ የመጀመሪያው በኪሎ 500፣ የሁለተኛው 480 ብር ስለሆነ በ20 ብር ይረክሳል። 2. ጤፍ 45 ኪሎ፣ ማሽላ 15 ኪሎ። 3. 5 ነጠላ። 4. 600 ብር እና 1,000 ብር። 5. በ3 ቀን። የስድስተኛውን ጥያቄ መልስ በቡድን ተወያይታችሁ ጻፉት፤ በሚቀጥለው የገበያ ቀንም ሁለት ጣሳዎችን በአንድ ሚዛን አስመዝናችሁ አስተያዩ።